የቤድፎርዷ ኮርቬት

ዳላስ አጠገብ ባለችው ቤድፎርድ ከተማ ውስጥ ጋራዥ በየክፍሉ እያከፋፈለ የሚያከራይ አንድ ግቢ አለ። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ቁጥር ሃያ ሁለትን የተከራዩ ሽማግሌ ጀልባቸውን ሊያጥቡ መጥተው የጎረቤታቸው በር በግማሽ ተነሥቶ አዩ። ጎንበስ ሲሉ ከአንዲት ሰማያዊ መኪና ሥር ሁለት እግሮች ወጥተዋል። ሰላምታ ሰጡ። መልስ የለም። ድጋሚ ጠሩና ስልካቸውን አወጡ።

ሟቹ አንዷለም ይባላል። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። መኪናዋ በፈረንጅ 1976 የተሠራች ኮርቬት ናት። ከገዛት ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር።

መርማሪ ዓለምጌጥ ስትደርስ ሳጅን ሞራሌስ ደብተሩን ሊዘጋ ምንም አልቀረውም።

"አደጋ ነው" አላት። "ክሪኩ ለቀቀና መኪናዋ ወረደችበት። ማቆሚያ ብረቶቹን ተመልከቻቸው፤ ጎማው አጠገብ ደርድሯቸው ሳይጠቀምባቸው ገባ።"

ዓለምጌጥ ክሪኩ አጠገብ ተንበረከከች። በአሥራ አንድ ዓመቷ ዳላስ የመጣች፣ አሁን ሠላሳ ስድስት የሆናት ሴት ናት። አባቷ ታክሲ ሲነዱ የራሳቸውን መኪና ራሳቸው ነበር የሚጠግኑት። ክሪክ እንዴት እንደሚወጣና እንዴት እንደሚወርድ ታውቃለች።

"እጀታው የት ነው?"

"እዚያ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፏል።"

"የመልቀቂያው ብሎን ተፈቷል። ሁለት ዙር ያህል። ክሪኩ አርጅቶ ዘይት አፍስሶ ቢሆን ኖሮ ብሎኑ እንደተጠበቀ ነበር የምናገኘው።" ቀና አለች። "ይህን ብሎን የሚያዞረው ደግሞ ያ እጀታ ነው። ሰውዬው መኪና ሥር በጀርባው ተኝቶ እጁ እዚያ ግድግዳ ይደርሳል?"

ሞራሌስ ደብተሩን እንደገና ገለጠው።

ሬሳው ሲነሣ አጠገቡ ሦስት ነገር ተገኘ፤ አንዲት ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ አንድ እስክሪብቶና አንዲት ክብ የሴት ፓውደር መስታወት። የመስታወቷ ክዳን ላይ ሮዝ አበባ አለ። የአንዷለም ግራ መዳፍ ላይ ደግሞ በቀለም የተጻፈ ቁጥር ነበር፤ 417604። ስልኩ መደርደሪያ ላይ በሰላም ተቀምጧል።

"ስለ መስታወቷ ከእኛ ውጭ ማንም እንዳይሰማ" አለች ዓለምጌጥ።

የግቢው በር የሚከፈተው በኮድ ነው፤ ለመግባትም ለመውጣትም። የአንዷለም ኮድ የዚያን ቀን ጠዋት ሦስት ጊዜ ተመትቷል። ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ገብቷል። ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ እንደገና ገብቷል። አራት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ወጥቷል።

"አንድ ሰው ሳይወጣ ሁለት ጊዜ አይገባም" አለ ሞራሌስ።

"የወጣው ደግሞ እሱ አይደለም" አለች ዓለምጌጥ።

* * *

ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር ያለው የአንዷለም አፓርትመንት በለቀስተኛ ተሞልቷል። ሚስቱ ትዕግሥት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ዓለምጌጥ መኝታ ቤት አስገባቻትና በሩን ዘጋች።

"ዛሬ ጠዋት የት ነበርሽ?"

"ሥራ አድሬ አንድ ሰዓት ላይ ገባሁ። ከዚያ ተኛሁ። ኮል ስታደርጉልኝ ነው የነቃሁት።"

"ያየሽ ሰው አለ?"

"ተኝቼ ማን ያየኛል?"

ዓለምጌጥ ስለ መኪናዋ ጠየቀቻት።

"አራት ዓመት ነው ያጠራቀመው" አለች ትዕግሥት። "እዚህ አገር በገባን በሳምንቱ ነው መንገድ ላይ ያያት። ማለቴ፣ እሷን አይደለም፣ እንደሷ ያለችውን። አፍንጫዋ ረጅም ነው አለኝ። ያን ቀን ሙሉ ስለዚያ አፍንጫ ሲያወራ ዋለ። አሮጌ ስለሆነች ርካሽ ትገኛለች አለ፤ ሞተሯን እየለመድኩ እሠራታለሁ አለ። እኔ ደግሞ ቤት ነበር የምፈልገው።"

"ተጣልታችሁ ነበር?"

"ሐሙስ ማታ። ሽጣት አልኩት። መጀመሪያ አንድ ነገር ላረጋግጥ አለኝ።" ዓይኗን ጠረገች። "ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ተናድጄ ነበር።"

"ጋራዡ ሄደሽ ታውቂያለሽ?"

"አንድም ቀን።"

ዓለምጌጥ ስትወጣ መታጠቢያ ቤት ገባች። መደርደሪያው ላይ ሮዝ አበባ ያለበት የመዋቢያ ሳጥን ተከፍቶ ተቀምጧል። ብሩሹ አለ፤ ፓውደሩ አለ። ክብ መስታወት የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ግን ባዶ ነው።

* * *

ኮርቬቷን የሸጠለት ግዛቸው ነው። ትንሽ የመኪና መሸጫ ግቢ አለው፤ አዲስ የመጣ ሀበሻ የመጀመሪያ መኪናውን የሚገዛው ከእሱ ነው ማለት ይቻላል። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ክራባት ሳያስር አይታይም። ሰኞ ጠዋት ዓለምጌጥ ስትመጣ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆሞ ጠበቃት።

"ጋሽ ግዛቸው፣ ቅዳሜ ጠዋት የት ነበርክ?"

"እዚሁ። ሌላ የት እሄዳለሁ? ቅዳሜ ገበያ ነው።"

"መኪናዋን ከማን ነው ያገኘኸው?"

"ግሬፕቫይን ከተማ ካሉ አንድ ሽማግሌ። ታይትሉ፣ የባለቤትነት ወረቀቱ ላይ፣ ስማቸው አለ።" ወረቀቱን ሰጣት። "ንጹሕ መኪና ነበረች። ቦዲዋ ፋይበርግላስ ነው፣ አይዝግም። አንዷለም ራሱ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያያት ነበር፤ በሩን ከፍቶ፣ ምንጣፉን ገልጦ። እንደሱ ያለ ጥንቁቅ ገዢ አይቼ አላውቅም።"

"የጋራዡን ኮድ ታውቀዋለህ?"

"እኔ ከየት አውቃለሁ?"

ከእሱ ወጥታ አጥሩን ተሻግራ ጎማ ቤት ያለውን ሰው ጠየቀች። ሰውየው ሳያመነታ ነገራት። ቅዳሜ የግዛቸው ግቢ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ በሰንሰለት ተቆልፎ ነበር። ያለፈው ቅዳሜም እንደዚሁ።

* * *

ወይዘሮ የትምወርቅ ቢሮ ቪከሪ ሜዶ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው የሁለት ደቂቃ መንገድ ነው። ኢንሹራንስ፣ ታይትል፣ ሰሌዳ፣ የማይሠሩት ወረቀት የለም። ስድሳ ሊደፍኑ ትንሽ ነው የቀራቸው። ዓለምጌጥ በአሥራ ስምንት ዓመቷ መንጃ ፈቃድ ስትፈተን አባቷ ከሥራ መውጣት አልቻሉም ነበር፤ ፈተናው ቦታ በራሳቸው መኪና የወሰዷት እኚህ ሴት ናቸው።

"ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ" አሉ። "ሰው መሆን ከንቱ ነው። ያ የመሰለ ልጅ።"

"የአንዷለምን ኢንሹራንስ እርስዎ ነዎት የሠሩት?"

"እኔ ነኝ። ለአሮጌ መኪና የሚሆን ልዩ ኢንሹራንስ አለ፣ ርካሽ ነው። ባለቤቱ ጋራዥ ውስጥ የሚያሳድራት ከሆነ ብቻ ነው የሚሰጡት።" ፋይሉን አውጥተው ኮፒ አደረጉላት። "መኪናዋን ግን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። በፎቶ ብቻ ነው።"

"ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ ነበሩ?"

"ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን እዚሁ ነኝ። ማን ያሳርፈኛል?"

"ግዛቸውን እንዴት ያዩታል?"

"ሰው ማማት አልወድም። ግን እዳ አለበት ይባላል። እዳ ያለበት ሰው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።" ወደ እሷ ዘንበል አሉ። "ትዕግሥትን ግን አታስጨንቂያት፤ አደራ። እሷ እዚያ ሄዳ ምን ትሠራለች? መስታወቷንም እሱ ራሱ ይዞት ሄዶ ይሆናል። አንቺም የሰው ልጅ ነሽ፣ ሐዘኗን አክብሪላት።"

"አከብራለሁ፣ እትዬ።"

የተናገሩትን ሁሉ በደብተሯ ጻፈች። በሩ ድረስ ሸኟትና ትከሻዋን አቀፉት።

* * *

ግዛቸው ማክሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ተጠራ።

"ዋሽተኸኛል" አለችው ዓለምጌጥ። "ቅዳሜ ግቢህ ዝግ ነበር።"

ክራባቱን ነካካ።

"ጋሽ ግዛቸው፣ አንድ ሰው ሞቷል። የሸጥክለት መኪና ሥር ነው የሞተው። የት እንደነበርክ ካልነገርከኝ እኔ የማስበውን አስባለሁ።"

"ሆቴል ነበርኩ" አለ ቀስ ብሎ።

"ከማን ጋር?"

"ከማንም ጋር አይደለም።" ፊቱ ቀላ። "ግሬፕቫይን። አልጋ አነጥፋለሁ። ዓርብና ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ አምስት ሰዓት ተኩል። ገበያው ከሞተ ቆየ፤ የግቢውን ኪራይ የምከፍለው በዚያ ነው። ሚስቴም አታውቅም። ሰው ሁሉ ጋሽ ግዛቸው ሀብታም ነው ይላል። እኔም አይደለሁም ብዬ አላውቅም።"

ዓለምጌጥ ሆቴሉ ደወለች። የሠራተኛ መግቢያ ባጁ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መግባቱን፣ አምስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ መውጣቱን መዝግቧል። የፎቅ ኃላፊዋም ቅዳሜ አራት ሰዓት አካባቢ ሻይ አብረው እንደጠጡ ተናገረች።

አሁን የቀረችው ትዕግሥት ብቻ ናት። ሞራሌስ ጠረጴዛው ላይ የመስታወቷን ፎቶ አስቀመጠ።

"ተጣልተዋል። ቅዳሜ ጠዋት ያያት ሰው የለም። ዕቃዋ ከሬሳው አጠገብ ተገኘ። ኮዱን የሚያውቅ ከሚስት በላይ ማን አለ?"

"ግን ምን ልታደርግበት ይዛው ሄደች? ቅባት በቅባት የሆነ ጋራዥ ውስጥ ፓውደር ልትቀባ?"

"ከቦርሳዋ ወደቀ።"

"መኪናው ሥር ገብቶ ነው የወደቀው?"

ዓለምጌጥ የአንዷለምን ስልክ ዝርዝር ሳበች። ሐሙስ ከሰዓት ወደ ግሬፕቫይን የተደረገ ጥሪ አለ። ታይትሉ ላይ ስማቸው ያለው ሽማግሌ ናቸው።

* * *

ሚስተር ዌንደል ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ተቀበሏት። የአንዷለምን መሞት ስትነግራቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ሐሙስ እዚህ ወንበር ላይ ነበር የተቀመጠው" አሉ። "ስሜን ወረቀቱ ላይ አግኝቶ ስለ መኪናዋ ሊጠይቀኝ መጣ። መቼ ሞተሯ እንደተፈታ፣ ምን ዘይት እንደምትወድ። ደስ ይል ነበር። አብሬው ወጣሁና መኪናዋን አየኋት። የኔ አይደለችም።"

"እንዴት አወቁ?"

"የኔዋ ማርሿ በእጅ ነበር፤ ይህቺ አውቶማቲክ ናት። ደግሞ የኔዋ ከሦስት ዓመት በፊት ተቃጥላለች፤ አፍንጫዋ ቀልጦ ወርዷል። የተቃጠለውን አካሏን ከነታይትሉ ለአንዲት ሴት ሸጥኩት። ለመለዋወጫ ነው የምፈልገው አለችኝ። የገዢውን ስም ባዶ ተወው፣ እኔ እሞላዋለሁ አለች።"

"ምን ዓይነት ሴት?"

"ድምፅዋ ለስላሳ የሆነ፣ ከእናንተ አገር ሳይሆን አይቀርም። ፊቷን አላስታውስም። ዓይኔ ደህና አይደለም።"

"ለአንዷለም ምን አሉት?"

"ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቁጥር የኔ ነው። ቁጥሩ ያለበትን ትንሽ ሰሌዳ ነቅሎ ሌላ መኪና ላይ መምታት ግን ቀላል ነው። ስለዚህ ሻንሲውን፣ ቦዲውን የተሸከመውን ብረት፣ እይ አልኩት። ከግራ የኋላ ጎማ ፊት፣ ብረቱ ጀርባ ላይ ቁጥር ተመትቷል። በቦዲውና በብረቱ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው፤ ስልክ አይገባም። ትንሽ መስታወት ያዝ፣ አስጠግተህ አንብበው አልኩት።" ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። "ከተሰረቀ ምን ታደርጋለህ ብዬ ጠየቅኩት። የሰው ከሆነ እመልሳለሁ፣ የሰው ዕቃ ይዤ እንቅልፍ አይወስደኝም አለኝ።"

ዓለምጌጥ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሣ ተቀመጠች። ሚስት አይደለችም ጋራዥ የሄደችው፤ መስታወቷ ናት። መስታወት ደግሞ ሁሉን ነገር ይገለብጣል። አንዷለም በጀርባው ተኝቶ ያየውን እንዳየው መዳፉ ላይ ጽፏል። ቁጥሩን ከኋላ ወደ ፊት አነበበችው። 406714።

ለሞራሌስ ደወለች። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልሶ ደወለ።

"ሻንሲዋ በዚህ ቁጥር የሚያልቅ የ1976 ኮርቬት ከሁለት ዓመት በፊት ፎርት ዎርዝ ውስጥ ተሰርቃለች። ባለቤቷ ካርላ የምትባል ሴት ናት።"

ቀጥላ ግዛቸው ዘንድ ደወለች።

"ኮርቬቷን ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው ያመጡልህ?"

"እሳቸውን በአካል አላውቃቸውም" አለ ግዛቸው። "እትዬ የትምወርቅ ናቸው የሚያመጡልኝ። ባለቤቶቹ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ግርግር አይወዱም ይሉኛል። ወረቀቱ አልቆ ነው የሚመጣው። እስካሁን አሥራ አራት መኪና ሸጬላቸዋለሁ። ሶ፣ ዋጋው ደህና ስለነበር አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነበረብኝ።"

ስልኩን ዘጋች። የሰኞ ደብተሯን ገለጠች። በራሷ እጅ የጻፈችውን አነበበች፤ ደግማ አነበበች። መስታወቷንም እሱ ራሱ ይዞት ሄዶ ይሆናል። እነዚያ ቃላት ሲነገሩ ጆሮዋ ሰምቷል፤ ልቧ ግን የመንጃ ፈቃዱን ቀን እያሰበ ነበር።

የኢንሹራንሱን ኮፒ ከቦርሳዋ አወጣች። ሁለተኛው ገጽ ላይ መኪናዋ የምታድርበት አድራሻ አለ። ከሥሩ ለግምት ባለሙያ መግቢያ ይሆን ዘንድ የበሩ ኮድ ተጽፏል።

* * *

ረቡዕ ጠዋት ዓለምጌጥና ሞራሌስ ቢሮ ሲገቡ ወይዘሮ የትምወርቅ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት እያስፈረሙ ነበር። ሴትዮዋ እስክትወጣ ጠበቁ። ሞራሌስ በሩ ላይ ቆመ።

"እትዬ፣ ስለ መስታወቷ ማን ነገረዎት?"

"የቷ መስታወት?"

"ሰኞ መስታወቷን እሱ ይዞት ሄዶ ይሆናል አሉኝ።"

"እ … ትዕግሥት ናት የነገረችኝ። ለቅሶ ላይ።"

"ትዕግሥት እስከ ዛሬ አታውቅም። አልነገርኳትም። ጋዜጣ ላይም አልወጣም። ያየነው እኔ፣ ሞራሌስና ሬሳውን ያነሡት ብቻ ነን።" ዓለምጌጥ ወረቀት አስቀመጠች። "ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ ነኝ ብለውኛል። መኪናዎ ግን ሦስት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ላይ 183 አውራ ጎዳና ላይ በመንገድ ክፍያ ካሜራ ሥር ወደ ቤድፎርድ አልፏል። ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ በሩ በአንዷለም ኮድ ተከፈተ። ኮዱ እዚህ ፋይል ውስጥ ነው። ሚስተር ዌንደል ደግሞ የተቃጠለችውን መኪናቸውን ታይትል የገዛችውን ሴት ድምፅ እለያለሁ ብለዋል። በዚያ ታይትል የተሰረቀችውን አሽጠዋል።"

ወይዘሮ የትምወርቅ መነጽራቸውን አውልቀው በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ።

"ዓርብ ደወለልኝ" አሉ በመጨረሻ። "እትዬ፣ ቁጥሩ ልክ አይመስለኝም፣ ፖሊስ ጋ ከመሄዴ በፊት ምን ላድርግ አለኝ። ለእኔ ነው የደወለው። አብረን እናየዋለን አልኩት።"

"ከዚያስ?"

"መኪናውን አነሣና ብረቶቹን ሊያስገባ ጎንበስ አለ። ሰው ቢሮ ይጠብቀኛል፣ ቶሎ አንብበው አልኩት። እሺ እትዬ አለኝ። እሺ አለኝና ገባ።" ድምፃቸው አልተለወጠም። "በዚያች መስታወት ሲያይ ቆየ። አንድ በአንድ እየጠራ እጁ ላይ ጻፈ። ከዚያ 'እትዬ፣ ተሰርቃለች ማለት ነው፤ ሰኞ እመልሳታለሁ' አለ። አንዷ ከተመለሰች ሌሎቹ አሥራ ሦስቱም ይጋለጣሉ። እጀታው እጄ አጠገብ ነበር።"

"ጉልበት አልጠየቀም" አለች ዓለምጌጥ።

"ምንም።" መነጽራቸውን አደረጉ። "ልጄ፣ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ሕዝብ አገልግያለሁ። አንቺንም ጭምር።"

"አውቃለሁ" አለች ዓለምጌጥ። "ሰኞ ያልሰማሁዎት ለዚያ ነው። ይነሡ፣ እትዬ።"

ሞራሌስ ካቴናውን አወጣ። ዓለምጌጥ ተቀበለችውና ራሷ አሰረቻቸው።

* * *

ያን ሳምንት ዓለምጌጥ የተሰረቁትን መኪናዎች ልትረከብ በአሥራ ሦስት በር ላይ ቆመች። አንዱ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስበት፣ አንዱ ኡበር የሚሠራበት፣ አንዷ ገና ከፍላ ያልጨረሰችው መኪና። የሰደባትም አለ። ግዛቸው ሳይጠየቅ አብሯት ዞረ፤ በየበሩ "እኔ ነኝ የሸጥኩላችሁ" እያለ ከእሷ ቀድሞ ይናገር ነበር። ክራባት አላሰረም።

ትዕግሥት ጋ የሄደችው መጨረሻ ላይ ነው። ለቀስተኛው ተበትኗል። ሁሉንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻት፤ መስታወቷ እንደተገኘች፣ እሷንም እንደጠረጠረቻት ጭምር።

ትዕግሥት ያዳመጠችው መሬት መሬት እያየች ነው።

"እኔ እኮ" አለች፣ "በአሻንጉሊት ሞተ ብዬ ነበር። ሲቀብሩት ራሱ ተቆጥቼው ነበር። በማይረባ ነገር ጥሎኝ ሄደ ብዬ።"

"ሊመልሳት ነበር" አለች ዓለምጌጥ። "አራት ዓመት አጠራቅሞ የገዛትን በሦስት ሳምንቷ ሊመልሳት ወስኖ ነው መኪናው ሥር የገባው። ለሽማግሌው ነግሯቸዋል።"

ትዕግሥት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ዓለምጌጥ አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

"ባለቤቷ ደውላልኝ ነበር" አለች በኋላ። "ካርላ። መኪናዋ የሟች ባሏ ነበረች። ስለ አንዷለም ስትሰማ አለቀሰች። አርባው ላይ ብትመጣ ትፈቅዱላት እንደሆነ ጠይቂልኝ አለችኝ። ካልፈለግሽ እነግራታለሁ፣ ኦኬ ነው።"

ትዕግሥት ፊቷን ከነጠላዋ ገለጠች።

"ትምጣ" አለች። "ግን በሌላ መኪና እንዳትመጣ በያት። በእሷ ትምጣ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ፓርክ ታድርጋት። ሰው ሁሉ ይያት።"

ዓለምጌጥ ስልኳን አውጥታ፣ እዚያው ትዕግሥት እየሰማች፣ ፎርት ዎርዝ ደወለች።